ከመታተሙ በፊት

ባለቤቴ ተቀይማኝ እህቷ ቤት ከገባች ሳምንት ሆናት። ስልኬን አታነሳም። እንድትመለስልኝ ብዬ በኮምፒውተር የምትጽፈው ጎረቤታችን ልደት ዘንድ ሄጄ ደብዳቤ አስጻፍኩ። እኔ ስናገር እሷ ስትተይብ፣ ጠበቃ መሆን ነበረብኝ እያልኩ በራሴ ኮራሁ።

"በይ አትሚው፣ ዛሬውኑ ይድረሳት።"

"ይቆዩ ጋሼ፣ ሲታተም ምን እንደሚመስል መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ይዩት።"

መነጽሬን አድርጌ አየሁት። የመጀመሪያው ገጽ የባለቤቴ ጥፋት ነው፤ ከአንድ እስከ አሥራ አራት ተቆጥሮ ጥቅጥቅ ብሏል። ሁለተኛው ገጽ አናቱ ላይ አንዲት መስመር ብቻ አለችው።

"ይቺ 'እኔም በድያለሁ፣ ይቅር በይኝ' የምትለዋ ናት የተረፈችብን" አለች ልደት። "ትውጣና በአንድ ገጽ ይለቅ?"

ሳቋን እንደያዘች ገባኝ።

"የለም ልጄ" አልኳት፣ "የመጀመሪያውን ገጽ ሰርዢው።"