የጠገበ ብር

አቶ ወልደ ጻድቅ ቀለም ያወጣ ጠገራ ብር ይሰበስቡ ነበር።

ጠገራው ከገበያ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። የመሐል ሜዳ ሰው አንድ ሁለት ቢተርፈው በአመድ ፈትጎ ያብረቀርቀዋል። እሳቸው ግን የተፈተገ ብር ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። የሚወዱት ዳር ዳሩ ወርቅ፣ መሐሉ ሐምራዊ፣ ብሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ጉንጭ ጋ ሲደርስ እንደ ርግብ አንገት ሰማያዊ የሆነውን ነው።

በገበያ ቀን ሰው ደጃቸው ላይ ሲሰበሰብ ሣጥናቸውን ከፍተው ያሳያሉ። ብሩን በፀሐይ ላይ ዘንበል ሲያደርጉት ቀለሙ ይሸሻል፣ ደግሞ ይመለሳል።

"ቀብተውት ነው እንጂ ብር እንዲህ አይሆንም" አለ አንድ የበግ ነጋዴ።

"የቀባሁት ከሆነ እጄን ይቁረጠው! በድኝ እያጠኑ የሚያታልሉ አሉ። ይኼ ግን ራሱ ያወጣው ነው። ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው።"

ተሾመች ወደ እሳቸው የሄደችው ቀለም ለማየት አልነበረም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት አንዲት ልጅ ኮከቤ ናት፤ እሷም ተስቦ ይዟት ተኝታለች። በአገሩ ደግሞ ተስቦን ብር ይስበዋል ይባላል። አንገት ላይ ያሰሩት ብር መልኩን ሲለውጥ በሽታው ወደ ብሩ ገባ ማለት ነው። የተሾመች ጠገራ ለባሏ ተዝካር ተሽጧል።

"ጋሼ፣ በማርያም አንዱን ያውሱኝ። ያንን ሰማያዊውን።"

"ያማ ጠግቧል ልጄ። የጠገበ ብር ምን ይስባል?"

ጥቂት አሰቡና ከሌላ ከረጢት አንድ ነጭ ብር አወጡ።

"አደራ፣ እንዳታጥቢው። ከአንገቷም እንዳታወልቂው።"

ተሾመች ጉልበታቸውን ስማ ሄደች።

ልጅቷን ለማስታመም የባሏ እህት አማከለች ቀየት ከሚባለው አገር መጣች። አማከለች ምላሷ ስለታም ነው። በወንድሟ የገብስ መሬት ከተሾመች ጋር ተካስሰው ነበር። ኮከቤ ከሞተች መሬቱ ለማን እንደሚሆን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል።

ገና ቁጭ ሳትል ዓይኗ ብሩ ላይ አረፈ።

"ይኼ የማን ነው?"

"የጋሼ ወልደ ጻድቅ።"

"ሽጪውና በጭነት መኪናው ደብረ ብርሃን እንውሰዳት። ሐኪም ቤት መርፌ አለ።"

"የሰው አደራ ልሽጥ?"

"ልጅሽ ከምትሞት የአደራው ባለቤት ይሙት!"

ተሾመች አማተበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አማከለችን ከልጇ ጋር ብቻዋን መተው ፈራች።

አቶ ወልደ ጻድቅ ማር ይዘው እየመጡ ይጠይቃሉ። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ብሩን በነጠላቸው ጫፍ ቀና ያደርጉና አይተው ቀስ ብለው ይመልሱታል። አንድ ቀን ዳሩ ወርቅማ ሆኖ አገኙት።

"እየሳበው ነው!" አለች ተሾመች።

"አዎ፣ ጀምሯል" አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

"እማዬ፣ ብሩ አበባ አወጣ" አለች ኮከቤ፣ አገጯን ደረቷ ላይ ደፍታ እያየች። ተሾመች ልጇ ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ያየቻት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"መኪናው ዛሬ ይመለሳል፤ አማከለች እንውሰዳት ትላለች። ምን ይሉኛል ጋሼ?"

"አሁን ብታንገላቻት የተሳበው ይመለስባታል። ተይው፣ ይጨርስ።"

በሳምንቱ ሐምራዊው መጣ። ኮከቤ መናገር ተወች።

ተሾመች ውኃ ቀድታ ስትመለስ የልጅቷ አንገት ባዶ ነው። ብሩ ከተበጠሰ ክሩ ጋር አማከለች እጅ ውስጥ አለ።

"ሌባ! ልጄን ገደለቻት! ድረሱልኝ!"

"ምን እሰርቃለሁ? አንገቷ ቆስሏል፣ ላጥብላት ነው! ተሾመች፣ ስሚኝ፣ መኪናው ገና ገበያው ላይ ነው። እኔ አዝላታለሁ፣ አንቺ ብሩን ያዢ።"

"መሬቱን አዝለሽ ሂጂ!" አለች አንዷ ጎረቤት።

ብሩን ከእጇ ፈልቅቀው በድንጋይ ሸኟት። አማከለች ግንባሯ እየደማ ገበያው ድረስ ወረደች፤ መኪናውንም ለመነችና አስቆመችው። ሹፌሩ ብዙ ጠበቀ። ማንም ልጅ ይዞ አልመጣም።

ኮከቤ በማግስቱ ሞተች።

የመገነዣውን አቡጀዲ የሰጡት አቶ ወልደ ጻድቅ ናቸው። ቀብሩ ላይ ከዘመድ እኩል አለቀሱ። ተሾመችም አደራዋን አልበላችም፤ ብሩን ሳታጥብ፣ ከነክሩ መለሰችላቸው።

"አማከለች ባትነካው ኖሮ ይጨርስላት ነበር አይደል ጋሼ?"

"መነካት አልነበረበትም" አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

አማከለች ለለቅሶ መጥታ ከደጅ ተመለሰች።

በጥቅምት አቶ ወልደ ጻድቅ ቤት ከአዲስ አበባ አንድ እንግዳ መጣ፤ እሱም እንደ እሳቸው ብር ሰብሳቢ ነው። ከተሾመች የተመለሰውን ብር መስኮት አጠገብ ወስዶ አዘነበለው። ወርቁ ሸሸ፣ ሐምራዊው መጣ፣ ከሥሩ ሰማያዊው ወጣ። እንግዳው ደግሞ አዘነበለው።

"እንዲህ ያለ ቀለም በሰው እጅ አይሠራም። ሣጥን ሙሉ ከየት አገኙት?"

"ልጅ ለታመመበት ሁሉ አውሳለሁ" አሉ አቶ ወልደ ጻድቅ፣ ሣጥኑን እየዘጉ። "ግን ብዙው ከንቱ ነው የሚቀረው፤ የዳነ ልጅ ብሩን ነጭ እንደሆነ ነው የሚመልሰው።"