ለሽማግሌ የሚጨመር ግማሽ ሰዓት

«የሚሮጥ ሰው ወደ ኋላ አያይም፤ ካየ ይወድቃል» ይል ነበር አባቱ። ግንበኛው ጡረታ ወጥቶ ሩጫ ሲጀምር ይህችን ቃል እንደ ዳዊት ይደግማት ጀመር።

አሠልጣኙ ሰዓቱን አየለት።

«ጋሼ፣ ግማሽ ማራቶኑን በሁለት ሰዓት ተኩል ጨርሰዋል። ለጎረምሳ ቢሆን እጥፍ አድርጌ ጥቂት እጨምር ነበር። በእርስዎ ዕድሜ ግን ጉልበት መጨረሻ ላይ ይከዳል። ሙሉውን አምስት ሰዓት ተኩል ይበሉት።»

«ገባኝ» አለ ግንበኛው። «የግድግዳም የላይኛው ግማሽ መወጣጫ ይፈልጋል።»

«ደግሞ ከሁሉ ኋላ የሚከተል ሰው አለ። የዘገየውን ለቅሞ መኪና ላይ ይጭናል። እንዳይደርስብዎት!»

ማታ ሴት ልጁ ጋ ደወለ። እናቷ ከተቀበረች ወዲህ ደጁን ረግጣ አታውቅም።

«ማራቶን ልሮጥ ነው። አምስት ሰዓት ይፈጅብኛል። መድረሻው ላይ ብትጠብቂኝ?» ግማሿን ሰዓት ዋጣት። ብዙ ጠብቂ ቢላት እንዳትቀር ፈራ።

«ማን አብሮህ ይሮጣል?»

«ማን አለኝ? እግዜር አለ።»

ስልኩ ተዘጋ።

በሩጫው ቀን ሰዉ ሁሉ ጥሎት ሄደ። በአንድ እግሩ «አቤቱ»፣ በሌላው «ማረኝ» እያለ ቀጠለ። ከኋላው ኮቴ ይሰማዋል። ውሃ ሊጠጣ ሲቆም ኮቴውም ይቆማል።

«ይኸ ለቃሚ አለቀቀኝም» አለ በሆዱ።

አሠልጣኙ እንዳለው ጉልበቱ ከዳው። መራመድ ጀመረ። ኮቴውም ተራመደ።

«ወንድሜ፣ መኪናህ ላይ አልወጣም! ማለፍ ከፈለግህ እለፍ!» ብሎ ጮኸ፣ ሳይዞር። የተዋጠ ሳቅ ይሁን ሳል፣ አንድ ድምፅ ብቻ ሰማ።

መድረሻው ላይ ሲደርስ አምስት ሰዓት ተኩል ሞልቶ ነበር። ሰው የለም። ጠዋት መነሻው ላይ የነበረ አንድ ሠራተኛ ብቻ ገመድ ይጠቀልላል። ግንበኛው አጥሩን ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ፈለገ።

«መጥታ ሄደች» አለ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። ጌታዬ፣ እሷን አትቀየማት።»

አጥሩን ይዞ ቁጭ አለ። ሠራተኛው ገመዱን ጥሎ መጣ።

«አባባ፣ ማንን ነው የሚፈልጉት? ከመነሻው ጀምራ አብራዎት የሮጠችው ልጅዎ እኮ ከኋላዎ ቆማለች።»