አራት መቶ አሥራ ሁለተኛው ካርድ

ሰዓት ሠሪው የድሮ የበዓል ፖስትካርድ ሲያይ አላስችል ይለዋል። በገዛ ቁጥር የካርዱን ጀርባ ይጠርግና ጥጉ ላይ በእርሳስ ተራ ቁጥሩን ይጽፋል። አልበም ሲሞላ ደግሞ በመጨረሻው ካርድ ላይ «አበቃ» ብሎ ይጨምርበታል። አርባ ዓመት ሰዓት የጠገነ እጁ አንዴም ተንቀጥቅጦ ስለማያውቅ ጽሑፉ የታተመ ይመስላል።

የዛሬው ካርድ አራት መቶ አሥራ ሁለተኛው ነበር። የፖስታ ቤቱ ማኅተም የተመታበት እሱ ከመወለዱ በፊት ነው። እርሳሱን አንሥቶ ካርዱን ቢገለብጠው ጥጉ ላይ «412» ተጽፎ አገኘው። ከሥሩ ደግሞ «አበቃ» ይላል። አልበሙ እኮ ገና ግማሹ ባዶ ነው።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ካርድህ ማለቂያም የለው?» አለች ሚስቱ ከወዲያኛው ክፍል።

«ነይ እስቲ እዪው፤ አንዱ ቀልደኛ የእጅ ጽሑፌን አስመስሎ ጽፎልሻል። ግን አልተሳካለትም፤ ይንቀጠቀጣል።»

ልዩነቱን ሊያሳያት ብጣሽ ወረቀት ስቦ ያንኑ ጻፈ። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ በማጉያ መነጽሩ አያቸው።

ሚስቱ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባችና ሁለቱን ጽሑፎች በተራ አየቻቸው።

«የቱ ነው ያንተ?» አለችው።