ስናካፍል ለምን በዛ?

«ቲቸር… ስናካፍል ማነስ አልነበረበትም?»

ጠመኔ የያዘው የእጩ መምህርቷ እጅ ሰሌዳው ላይ ደረቀ።

ጠያቂዋ ከፊት የተቀመጠች የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ናት።

ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ደግሞ… ስድስት ሲካፈል ለግማሽ፣ እኩል ይሆናል አሥራ ሁለት።

የጻፈችውን ዞር ብላ አየችው። ልክ ነው። ግማሹን ገልብጣ አባዝታለች። እሷም የተማረችው እንደዚሁ ነው፤ «ገልብጠሽ አባዢ፣ አትጨቃጨቂ» ተብላ።

ግን እውነትም… ስድስት ተካፍሎ እንዴት አሥራ ሁለት ይሆናል?

ከኋላ ገምጋሚው የግምገማ ቅጻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እጩዎቹ በሌሉበት «ቀዩ እስክሪብቶ» ይሏቸዋል፤ ፊት ለፊት ግን «ጋሼ»።

አምና በዚሁ የማስተማር ልምምድ ወድቃለች። ዘንድሮም ከወደቀች ሦስተኛ ዕድል የለም… መምህርነት የሚባል ነገር አበቃ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሂሳብ አትወድም። አንደኛ ደረጃን የመረጠችውም «መደመርና መቀነስ ደግሞ ማንን ያቅታል?» ብላ ነው። (ስንቱን እንደሚያቅት እኔን ጠይቁኝ!)

«ሕጉ ነው» አለች።

«ሕጉን ማን አወጣው?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሷ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋባት።

«ዝም ብለሽ ጻፊ» ልትል አፏን ከፈተች… የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አላውቅም።»

ሳቁ ቀጥ አለ። መምህር «አላውቅም» ሲል ሰምተው አያውቁማ!

ከኋላ እስክሪብቶው ሲንቀሳቀስ ታያት።

የበሰበሰ ዝናብ አይፈራም… ስድስት ረጃጅም ሳጥኖች ሳለች። እያንዳንዱን መሐል ለመሐል ከፈለችው።

«እዚህ ውስጥ ስንት ግማሽ አለ? ቁጠሩ።»

«አሥራ ሁለት!»

እሷም አብራ ቆጥራ ደነገጠች። ለካ ጥያቄው «ስድስት ውስጥ ስንት ግማሽ አለ» ነው! ይህን ሁሉ ዓመት አንድም ሰው አልነገራትም።

ደስታዋ ደቂቃ አልቆየም፤ ያችው ልጅ እንደገና እጇን አወጣች።

«እሺ ቲቸር… ግማሽ ሲካፈል ለሦስት አራተኛስ? ግማሽ ውስጥ ሦስት አራተኛ እንዴት ይገባል? ይበልጠዋል እኮ!»

ገለበጠች፣ አባዛች። «ሁለት ሦስተኛ።»

«ሁለት ሦስተኛ… የምን?»

የምን? የግማሹ? የሙሉው? የሦስት አራተኛው?

ሳለች፣ አጠፋች፣ ደግማ ሳለች። አንዱ «የግማሹ ነው!» ይላል፣ ሌላዋ «ወግድ፣ አይደለም!» ትላለች። ክፍሉ ገበያ ሆነ።

ደወል ተደወለ… መልስ የለም።

ገምጋሚው ኮሪደር ላይ ጠበቋት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ… ተዘጋጅቼ ነበር እኮ…»

ቅጹን ሰጧት። «የትምህርት ይዘት እውቀት» ከሚለው አጠገብ… ከአምስት ሁለት።

ቅጹን ልትመልስላቸው ዘረጋች።

«አላወቅሽውማ፣ ምን ላድርግሽ?» አሉ። «እስከ ታች አንብቢው እንጂ።»

ከታች «አልፋለች» ይላል።

«ምኑን… እንዴት አለፍኩ?»

«በዚህ ዓመት ካየኋቸው ውስጥ 'አላውቅም' ብላ ፍለጋ የወጣች አንቺ ብቻ ነሽ። ሌሎቹ ልጆቹን ዝም አሰኝተው ነው ያለፉት።»

ከዚያ ወረቀቱን ገለበጡላት።

ጀርባው በሳጥን ተሞልቷል። የተሳለ፣ የተሰረዘ፣ እንደገና የተሳለ…

«ሃያ ስድስት ዓመት ለእጩ መምህራን ይህንኑ አስተማርኩ» አሉ፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ገልብጡና አባዙ ስል ኖርኩ። 'የምን?' ያለኝ የለም። ቢኖርም ከክፍል አስወጣው ነበር።»

«ታዲያ የምን ነው ጋሼ?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ!»

በማግስቱ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ተመልሰው መጡ… ያለ ቅጽ። ከዚያች ተማሪ ጎን ተጠጋግተው ተቀመጡና እጃቸውን አወጡ።

ወገኖቼ… «አላውቅም» ያለ መምህር ልጆቻችሁን አይጎዳም። የሚጎዳቸው ለራሱ ሳይገባው «ዝም ብለህ ጻፍ» የሚለው ነው።

እናንተስ በልጅነታችሁ ምን ጠይቃችሁ ነው ዝም ያስባሏችሁ?

ደግሞ ያ ሁለት ሦስተኛ የምን እንደሆነ የገባው ካለ፣ ሕግ ሳይጠቅስ በኮሜንት ያስረዳን… እኔ ሦስት ወረቀት ሳጥን ስዬ ጨርሻለሁ፣ አሁንም ግራ እንደገባኝ ነው!