ስሙን የሚያውቅ ቡችላ

ዘርዓብሩክ አንድ ጊዜ ተበልቷል። ከደብረ ማርቆስ ድሬዳዋ በመጣ በሦስተኛው ሳምንት ፌስቡክ ላይ ያያትን ነጭ ቡችላ ለማስያዝ ቀብድ ላከ። ቡችላዋም ሻጩም በዚያው ጠፉ።

ብሩን ረስቶታል። ያልረሳው የወጣለትን ስም ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ባለ የልብስ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነው። ወሬውን የሰማችው የሥራ ባልደረባው ሙኒያ ጠዋት «ቀብዱ» አለችው፤ እስከ ምሳ ሰዓት ሠራተኛው ሁሉ ቀብዱ ይለው ጀመር። የተጣመመ ስፌት ባሳየ ቁጥር «እሺ፣ ቀብዱ» ይሉታል።

«ይሄን ስም የምትተዉት መቼ ነው?» አላት አንድ ቀን።

«እውነተኛ ውሻ ስትገዛ፣» አለች ሙኒያ። «ሁለተኛ ከተበላህ ግን ወላሂ መታወቂያህ ላይ ነው የምናስጽፈው።»

ስለዚህ ለሁለተኛው ተዘጋጀ። ማስታወሻ ደብተር ገዛ። ቴሌግራም ላይ «የአምስት ወር ቡችላ፣ ከዚራ ሰፈር» የሚል ማስታወቂያ ሲያይ መጀመሪያ ፎቶው ከሌላ ቦታ የተወሰደ መሆን አለመሆኑን አጣራ። አልነበረም። እንደገና አጣራ። ከዚያ በቪዲዮ ደወለ።

ያነሳችው ተሻለች የምትባል የሃምሳ ዓመት ገደማ ሴት ናት።

«ይቅርታ እትዬ፣ ቡችላው አሁን እዚያ መኖሩን ሊያሳዩኝ ይችላሉ?»

«አቦ፣ ምን ‹ይችላሉ› ትለኛለህ! እኔ አንድ ነኝ። አሳዪኝ በል።»

የቆየ ቀረጻ እንዳይሆን ቡችላው ጭንቅላት ላይ ሎሚ እንድታስቀምጥ ለመናት። አስቀመጠች። ቡናማው ቡችላ እስክታነሳለት ድረስ ሎሚውን ተሸክሞ ሳይነቃነቅ ተቀመጠ።

«ቀብድ ስንት ነው?» ብሎ ፈተናት።

«ቀብድ የሚባል ነገር አልቀበልም። መጥተህ እይ። ደስ ካለህ ከፍለህ ውሰድ፣ ካላለህ ሻይ ጠጥተህ ሂድ።»

ይህ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ አመጣበት። ቀብድ የማይፈልግ ሰው ምን ይፈልጋል? ውሻው የተሰረቀ ይሆን? የታመመ?

ቅዳሜ ጠዋት ሄደ። ግቢው ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ቱሪያ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ተሹ፣ ዛሬም እንግዳ?» አለች። ተሻለች በሶማሊኛ የሆነ ነገር መለሰችላት፤ ሁለቱም ሳቁ። በሯን የዘጋባትን ባለባጃጅ በኦሮምኛ አባረረችው፤ ዘርዓብሩክን በአማርኛ አስገባችው።

መታወቂያዋን ጠየቀ፤ አሳየችው። የክትባት ካርዱን ጠየቀ፤ ሰጠችው። ካርዱ ላይ ባለው ቁጥር ደወለ፤ የእንስሳት ሐኪሙ ውሻውን እንደሚያውቀው፣ ባለቤቱ ተሻለች መሆኗን፣ ጤነኛም መሆኑን ነገረው። ከዚያ ተንበርክኮ ጥርሱን፣ ጆሮውን፣ መዳፉን አንድ በአንድ አየ።

«ፖሊስ ነህ እንዴ?» አለች ተሻለች።

«ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ።»

«ታዲያ ስፌቱ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣» አለ ዘርዓብሩክ። ቀልድ መሆኑ የገባው ቆይቶ ነው።

አንድ ፈተና ቀረ። የተሰረቀ ውሻ ሌባው ያወጣለትን ስም አያውቅም።

«ስሙ ማነው?»

«ገሊ።»

ቡችላውን በገመድ ይዞ እስከ መንገዱ ጥግ ወሰደውና ከበሯ ላይ እንድትጠራው ነገራት።

«ገሊ!» አለች ተሻለች።

ቡችላው ገመዱን ከእጁ መንጭቆ በረረ። ተሻለችን አልፎ ግቢ ገባና ሳህኑ አጠገብ ቁጭ አለ።

ዘርዓብሩክ «ስሙን ያውቃል» ብሎ ጻፈና ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ከፈለ፤ አስፈረማት። ሳህኑንም ልውሰድ ቢላት «እሱን ተወው» አለችው።

«በባጃጅ እንዳትወስደው፣ ያስመልሰዋል። በእግሩ ይሂድ፤ የፈለገውን እያሸተተ። ሁለት ቀን እሰረው። ከዚያ በላይ ከታሰረ ስሙን ይረሳል። ሰኞ ጠዋት ፍታውና በሩን ከፍተህ ጮክ ብለህ ጥራው። ስሙን ደግሞ አደራ፣ እንዳትቀይርበት።»

ዘርዓብሩክ ሁሉንም ጻፈ። ስትሰናበተው ታለቅሳለች ብሎ መሐረብ አዘጋጅቶ ነበር። ተሻለች ግን ቡችላውን ዞር ብላም ሳታየው በሯን ዘጋች።

የተከራየው ቤት ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነው። በደረቁ አሸዋ ላይ ሲሻገሩ ቡችላው ድንጋዩን ሁሉ አሸተተ። ዘርዓብሩክ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ቆሞ ጠበቀው።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ሙኒያ ከፊቱ ተቀመጠች።

«እሺ ቀብዱ፣ ውሻው የታለ?»

ዘርዓብሩክ ዝግጁ ነበር። ፎቶውን አሳያት፤ የክትባት ካርዱንና የተፈረመውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ሙኒያ አገላብጣ አየችው። ለመሳቅ ምክንያት ብትፈልግ አጣች።

«አቦ፣ እውነትም ውሻ ነው!» አለች። «በቃ፣ ተሸነፍኩ። እንኳን ደስ አለህ፣ ዘርዓብሩክ።»

ስሙን ከአፏ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ብልህነቱን ደግሞ ብታዪ! ዛሬ ጠዋት ፈትቼ በሩን ከፈትኩና ጠራሁት። ተነስቶ እየሮጠ ወጣ። ደግሜ ስጠራው ጭራሽ ፍጥነት ጨመረ፤ ደቻቱን ሲሻገር ሁሉ ይታየኝ ነበር። ሰርቪስ እንዳያመልጠኝ ብዬ እንጂ እስኪመለስ እጠብቀው ነበር።»

«ማን ብለህ ነው የጠራኸው?»

«በስሙ ነዋ። ገሊ ብዬ።»

ሙኒያ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ገሊ እኮ በኦሮምኛ ‹ቤትህ ግባ› ማለት ነው፣ ቀብዱ።»