የታናሽቱ ብልቃጥ

የእህትሽ ፊት ላይ አንዲት ብጉር፣ አንዲት ብቻ፣ እንድትወጣ ተመኝተሽ ታውቂያለሽ? የለም ካልሽ ወይ እህት የለሽም፣ ወይ ትዋሻለሽ።

ታላቂቱ ተመኝታለች። እግዜር ግን ለእንዲህ ያለው ልመና ጆሮ የለውም፤ የታናሽቱ ፊት እንደ ጠራ ሰማይ ሆኖ ቀረ።

ሁለቱም አንድ ልብስ ስፌት ቤት ይሠራሉ። ታናሽቱ ፊት ለፊት፣ ከትልቁ መስታወት አጠገብ፣ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጥላ ደንበኛ ትለካለች። ታላቂቱ ጓዳ ውስጥ ስፌት መኪናው ላይ ናት። በሙያ የምትበልጠው እሷ ናት፤ ይህን የቤቱ ባለቤትም አትክድም። ለምን ጓዳ እንዳስቀመጠቻት ግን ተናግራ አታውቅም። ለመልሱ መስታወቱ ይበቃል።

ሌላውን ሰው ከጉርምስናው ጋር የሚሰናበተው ብጉር እሷ ፊት ላይ ጎጆ ቀልሶ ቀርቷል። እሷም አልተኛችለትም። ጠዋት ጠዋት በሻካራ ፎጣ ትፈትገዋለች፣ ሎሚ ታሸዋለች፣ የበሰለውን በጥፍሯ ታፈርጠዋለች።

«አትነካኪው እትዬ፣ ጠባሳ ይሆንብሻል» ትላታለች ታናሽቱ፣ በለብታ ውሃና በተራ ሳሙና የታጠበ ፊቷን በለስላሳ ጨርቅ ዳበስ ዳበስ እያደረገች።

«ያላመመው ሁሉ ሐኪም ነው!»

አንድ ጊዜ ታናሽቱ ከፋርማሲ አንድ ቱቦ ቅባት ገዝታ አመጣችላት። ታላቂቱ በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት ቁርጥራጭ ጨርቅ መጣያው ውስጥ ወረወረችው። «ምጽዋትሽን ለለማኝ!» አለቻት። ታናሽቱ ሳቀች፤ ነገሩ በዚያው አለፈ።

ብዙም ሳይቆይ ቤታቸው ውስጥ፣ ከመታጠቢያው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ አንድ ነጭ ብልቃጥ ብቅ አለ።

«ይቺን እንዳትነኪብኝ» አለች ታናሽቱ። «የውበቴ ምስጢር ናት።»

«ማን ይነካልሻል ያንቺን ጉድ!»

በዚያው ምሽት ነካችው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ሳል እንኳ አልነበራትም፤ ቂሙ ግን እስከ አንገቷ ነበር።

አጠቃቀሙንም አውቃዋለች። ታናሽቱ በሩን እንኳ ሳትዘጋ ለጓደኛዋ በስልክ ስታወራ ሰምታለች። «ማታ ማታ ብቻ። የአተር ፍሬ የምታህል፣ ለፊት በሙሉ። መጀመሪያ ያደርቃል፣ ትንሽ ይልጣል፤ ከበዛብሽ አንድ ቀን መዝለል ነው። ለውጡ ቶሎ አይታይም፣ ታገሺ። ቀን ደግሞ ከፀሐይ ሽሺ።»

ለእሷ አተር ከበቃት ለኔ እፍኝ ይገባኛል፣ አለች ታላቂቱ በልቧ። ጠዋትም ማታም ፊቷን እንደ ግድግዳ ለቀለቀችው።

ሳምንት ሳይሞላ ፊቷ ነደደ። እንደ ሽንኩርት ተላጠ። ከዚያ የባሰው ደግሞ ትራሷ ነው። ለሁለቱም አልጋ የትራስ ልብስ ከአንድ ሰማያዊ ጣቃ ቆርጣ የሰፋችው ራሷ ናት፤ አሁን የእሷ እዚህም እዚያም ነጥቶ ዝንጉርጉር ሆኗል። የታናሽቱ ግን እንደ ተሰፋበት ቀን ሰማያዊ ነው። ታላቂቱ ጨርቅ ታውቃለች። ያንን ቀለም ሳሙናም ፀሐይም አይበላውም።

ታናሽቱ ዝንጉርጉሩን አይታ ምንም አልጠየቀችም። በማግስቱ አንድ ነጭ የትራስ ልብስ ሰፍታ አመጣችላት።

«ነጭ ይሻልሻል፣ እትዬ።»

«መግሌ ጎልቶ እንዲታይ ነው?»

አሁን ሁሉም ተገለጠላት። ይቺ ልጅ እንደምትሰረቅ አውቃለች፤ አውቃም በረኪና ጨምራበታለች። ታላቅ እህቷ ፊቷ ጠርቶ የፊቱን ቦታ እንዳትቀማት።

አባታቸው ፊት ቆማ የተላጠ ጉንጯን አሳየችው።

«ልጅህ አቃጠለችኝ፣ አባዬ። ወይ እሷ ትውጣ፣ ወይ እኔ።»

አባትየው የተላጠውን ፊት አየ፤ ከዚያ ያልተላጠውን። «አንቺ፣ ምን ጨመርሽበት?»

«ምንም።»

«እሷ እንደምትወስድብሽ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለች ታናሽቱ።

ለአባትየው ይህ በቃው፤ ከቤት አስወጣት። ታናሽቱ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ከታ ወደ አክስታቸው ቤት ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞራ የእህቷን ፊት አተኩራ አየችው።

«አታብዢው፣ እትዬ» ብላ ወጣች።

ታላቂቱ አልረካችም። ከመስታወቱ አጠገብ ያለው ቦታ ይቀራታል። ፋርማሲ በረኪና ነው ካለላት የቤቱ ባለቤትም ያቺን ልጅ ታሰናብታታለች። ብልቃጡን ይዛ ሄደች።

ባለፋርማሲዋ ክዳኑን ከፍታ አየችው፣ አሸተተችው። ከዚያ ቀና ብላ የታላቂቱን ፊት አየች።

«መርዝ ነው አይደል?» አለች ታላቂቱ።

«የብጉር መድኃኒት ነው። ጨርቅ ያነጣል እንጂ በልኩ ቢሆን እንዲህ አያደርግም፤ አብዝተሽው ነው። ልብስ ሰፊዋ አንቺ ነሽ? ለእህትሽ ከቱቦ ወደ ብልቃጥ የገለበጥኩላት እኔው ነኝ። ‹በእጄ ብሰጣት ትጥለዋለች፤ የኔ ነው ካልኳት ግን ትሰርቀዋለች› ብላ ለምናኝ።»

ታላቂቱ ብልቃጡን ከእጇ ተቀብላ ክዳኑን አጠበቀች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«አልምራትም» አለች። «አባቴንም፣ አንቺንም፣ ማንንም።»