ባዶዋን የምትሄድ በቅሎ

ሊነሡ ሲሉ መንገድ መሪው ከከተማ የመጣውን እንግዳ አንድ ነገር ብቻ ለመነው።

«ጋሼ፣ ከሦስቱ በቅሎዎች አንዷ ባዶዋን ትሂድ። የአገራችን ደንብ ነው፤ ተራራው አናት ላይ ሰው ቢታመም እሷ ታወርደዋለች።»

«ታዲያ ጠረጴዛዬና ቢራዬ በምን ሊሄድ ነው? የታመመ ቤቱ ይተኛ! እኔ እንደሆነ አምናም መጥቼ ተራራውን እየዘፈንኩ ነው የተሻገርኩት።»

«አስታውሳለሁ፣ ጋሼ» አለ መንገድ መሪው። ቢራውን ሦስተኛዋ በቅሎ ላይ ጫነና ገመዱን አጠበቀው።

በሦስተኛው ቀን፣ ውርጭ በጋገረበት የተራራው መሻገሪያ ላይ እንግዳው ታመመ። ራሱን ወጥሮ ያዘው፣ ከንፈሩ ጠቆረ፣ ካስታወከ በኋላማ መቆምም አቃተው። እየዳኸ ሄዶ የመንገድ መሪው እግር ላይ ተጠመጠመ።

«ወንድሜ፣ ጠረጴዛውንም ቢራውንም ገደል ክተተው! በቅሎዋ ላይ አውጣኝ!»

መንገድ መሪው ጎንበስ ብሎ የእንግዳውን ጃኬት እስከ አንገቱ ዘጋለት።

«አምና እህቴን በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ጤና ጣቢያ ስናወርዳት እዚሁ ተገናኝተን ነበር። ሁለት ብቻ ነበርን፤ ትከሻችን ዝሏል። እኔም እንዲህ እግርዎ ላይ ወድቄ አንድ በቅሎ ብለምንዎ፣ ‹የታመመ ቤቱ ይተኛ› አሉኝ።»

እንግዳው ቀና ብሎ ፊቱን አየው።

«የሞተችው እዚያ ቋጥኝ ጥግ ነው። እርስዎም እዚያ ጠጋ ይበሉ፤ ነፋስ አይደርስበትም» አለና ሦስቱን በቅሎዎች ከነጭነታቸው እየነዳ ቁልቁለቱን ተያያዘው።